አሥር የበዛበት ካርድ

ስህተቱን ያየሁት ሽልማቱ ከተሰጠ፣ ጭብጨባው ካለቀ፣ ልጄም የተሸለመችውን መዝገበ ቃላት በላስቲክ ከሸፈነች በኋላ ነው። እሑድ ረፋድ ላይ ካርዷን ልፈርም ተቀምጬ፣ እንዲያው እጄ ልማድ ሆኖበት ደመርኩት። ድምር በሚለው ቦታ 848 ተጽፏል። ዘጠኙን ትምህርት ስደምር የሚመጣው 838 ነው።

መጀመሪያ የተሳሳትኩት እኔ መሰለኝ። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ከጨረስኩ አሥራ ስድስት ዓመት ሆኖኛል፤ ከዚያ ወዲህ በሰው ቤት የቆጠርኩት ሳህንና አንሶላ ነው። በስልኬ ደመርኩት። ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ። 838።

ትናንት በወላጆች ቀን በድምፅ ማጉያ የተነበበው ከጆሮዬ አልወጣም ነበር። «ከሰባተኛ ሀ አንደኛ፣ ኑርሃን ሙዐዊያ፣ 848። ሁለተኛ፣ ያስሚን ቃሲም፣ 843።» እንግዲህ እውነተኛዋ አንደኛ ያስሚን ናት። ማንም ልብ ያላለው አሥር ነጥብ የሌላ ሰው ልጅ አንደኝነት አንሥቶ እኔ ቤት አስቀምጦታል።

ካርዱን የፈረመው መምህር ሐሚድ ነው። የክፍሉ ኃላፊ ነው፤ የያስሚን አጎት ነው፤ ለማንም ያልነገርኩት ደግሞ፣ እኔ የምወደው ሰው ነው።

እኔ ክፉ ክፉው የሚታየኝ ሴት ነኝ። ባጃጅ ከዘገየ ተገልብጧል እላለሁ፤ ስልክ ከጠራ ሰው ሞቷል እላለሁ። ጓደኛዬ ዘይቱና «አንቺ ደመና ስታዪ ጎርፉ ነው የሚታይሽ» ትለኛለች። ያን ቀንም የታየኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ሐሚድ አውቆ ነው ያደረገው። ለእኔ ብሎ። ልጄን አንደኛ ያወጣት ጭንቅላቷ ሳይሆን የእናቷ ፊት ነው።

ሌላ ሴት ብትሆን ውስጥ ውስጡን ደስ ይላት ይሆናል። እኔ ግን በንዴት ጦፍኩ።

*

እኔ የወራቤ ልጅ ነኝ። የኑርሃን አባት የጅማ ሰው ነበር። ጅዳ ተገናኝተን፣ ጅዳ ተጋብተን፣ ከሕንፃ ላይ ወድቆ እዚያው ቀበርኩት። ኑርሃን ሰባት ዓመት ሊሞላት ስትል፣ መኖሪያ ፈቃድ የሌለውን ሁሉ ሲያስወጡ እኛንም አስወጡን። ሸዋ ሮቢት የመጣነው በዘይቱና ምክንያት ነው። እስር ቤት ውስጥ አንድ ፍራሽ ተጋርተን ሳለ «የእኛ አገር ሽንኩርት እጅ እንጂ ዘመድ አይጠይቅም» አለችኝ። አልዋሸችኝም። ይኸው እስከ ዛሬ መጋዘን ውስጥ ሽንኩርት እለያለሁ፣ በጆንያ እሞላለሁ።

ልጄ ትምህርት ቤት ስትገባ ደብተሯን ከኋላ ገልጣ ከቀኝ ወደ ግራ ነበር የምትጽፈው። ልጆቹ «ጅዳ» አሏት። እናቶቹ ዝቅ ባለ ድምፅ «የስደተኛዋ ልጅ» ይሏታል።

ሐሚድ መጀመሪያ የመጣው ከሁለት ዓመት በፊት፣ አንድ ቅጽ ይዞ መጋዘኑ ድረስ ነው። ከእግሬ እስከ ራሴ የሽንኩርት ልጣጭ ለብሻለሁ። አማርኛ የማልችል መስሎት በዓረብኛ ጀመረኝ፤ ኪታብ ላይ በተማረው ዓረብኛ፣ ሚንበር ላይ እንደቆመ ኢማም ቃሉን እየረገጠ።

«መምህር፣ አማርኛ እችላለሁ» አልኩት።

አንገቱን ደፋ። ዘይቱና ከጆንያው ጀርባ አፏን ይዛ ትስቃለች።

ቅጹ ላይ ብሔር የሚለው ቦታ ባዶ ነበር። «ምን ብዬ ልሙላው?» አለ።

ይህ ጥያቄ ስንት ቢሮ እንዳቆመኝ እኔ ነኝ የማውቀው። ስለዚህ በቁጣ መለስኩለት። «አባቷ ኦሮሞ ነው፣ እኔ ስልጤ ነኝ፣ እሷ በዓረብኛ ትቃዣለች፣ በአማርኛ ትማራለች። እርስዎ ይምረጡ።»

ቅጹን አየው፣ አጥፎ ኪሱ ከተተው። «እኔ አርጎባ ነኝ» አለ። «አያቴ ቋንቋውን ትናገር ነበር፤ እኔ ሰላምታውን ብቻ ነው የማውቀው። ባዶ ቢቀመጥ ማንም አይሞትም።» ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። ጅዳ ስንት ዓመት ስኖር ያየኝ ሰው ሁሉ የማጥበውን ዕቃ እንጂ እኔን አልነበረም የሚያየው። እሱ እኔን አየኝ።

ኑርሃን ጽሕፈት እንድታሻሽል ብሎ የመገናኛ ደብተር ጀመረ። መምህር ይጽፋል፣ ወላጅ ይመልሳል፣ ልጅ ታመላልሳለች።

«ኑርሃን ዛሬ ክፍልፋይ በደንብ ሠርታለች። ጽሕፈት ይቀራታል። ሐሚድ።»

«አመሰግናለሁ፤ ቤት እናለማምዳታለን። ነዒማ።»

አንድ ዓመት እንዲህ ሄደ። ከዚያ አንድ ቀን፦ «ኑርሃን ደህና ናት። እርስዎ ግን ትናንት በመንገድ ሲያስሉ ሰምቻለሁ። ሎሚ ይጠጡ።»

«እኔን ትተው ልጄን ያስተምሩ» ብዬ መለስኩ።

«ሁለቱንም እችላለሁ።»

ያችን ገጽ ያነበብኩት እስክትሳሳ ድረስ ነው። ከዚያ ወዲያ አላለፍንም። እሱ የልጄ አስተማሪ ነው፤ እስከ ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ድረስ ሳያገባ ቢቀርም የታወቀ ቤት ልጅ ነው። ያሳደገችው ታላቅ እህቱ ራቢዓ፣ የያስሚን እናት፣ የማሾ ነጋዴ ናት፤ አፏን ከተማው ሁሉ ይፈራዋል። «ለወንድሜ ጀውሃ ላይ ያየሁለት ልጅ አለች፤ የሽንኩርት ሠራተኛ ከነልጇ የምትገባበት በር የለንም» ማለቷ ጆሮዬ ደርሷል።

ትናንትም ኑርሃን አንደኛ ስትባል ራቢዓ ከወላጆች መሃል ጮክ ብላ «ዘንድሮ ማርክም ሰው ያያል» አለች። ሐሚድ ድምፅ ማጉያውን እንደያዘ «ማርክ ዘመድ አያውቅም፣ እትዬ ራቢዓ» ብሎ መለሰላት፤ ሰው ሳቀ። እኔ ግን በኩራት አለቀስኩ።

አሁን ያ ኩራት እፍረት ሆነብኝ።

*

እሑድ ከቀትር በኋላ ደብተሩን ገልጬ ጻፍኩ።

«መምህር ሐሚድ፦ ካርዱን ደምሬዋለሁ። እርስዎም ያውቁታል ብዬ አምናለሁ። ልጄ ምጽዋት አልለመነችም፤ እኔም ፍቅሬን በማርክ አልለወጥኩም። ከዛሬ በኋላ ስለ ልጄ ብቻ ይጻፉ።»

ኑርሃን እንዳታነብ ገጾቹን በመርፌ ቁልፍ ያዝኳቸው። ሰኞ ጠዋት ደብተሩ ሄደ። ፍቅር የሚለውን ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ የጻፍኩለት በቁጣ መሆኑ የገባኝ ከሄደ በኋላ ነው።

ሰኞ ደብተሩ አልተመለሰም። ማክሰኞም አልተመለሰም። ረቡዕ አመሻሽ ላይ ዘይቱና ቤቴ መጥታ፣ ኑርሃን የቤት ሥራዋን በምትሠራበት፣ ጫማዋን ሳታወልቅ ጀመረች።

«ሐሚድ ጀውሃ ሄዷል አሉ። በሥራ ቀን፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ።»

«ለምን?»

«ሰው ጀውሃ ለምን ይሄዳል? ወይ ጎማ ሊያስነፋ፣ ወይ ሚስት ሊያይ።»

ሐሚድ ደግሞ መኪና የለውም።

ዘይቱና ስትወጣ ራት አቀረብኩ፤ አንዳችንም አልጎረስንም። ኑርሃን እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ኡሚ፣ ቲቸርን ምን አልሽው?»

«ምንም።»

«በመርፌ ቁልፍ የታሰረ ምንም?»

መደበቁ ደከመኝና ካርዱን አወጣሁ። «ነይ፣ ደምሪው» አልኳት።

ካርዱን አላየችውም። «838» አለች።

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«እዚያው ሜዳው ላይ። እኔና ያስሚን እኮ በየፈተናው ውጤታችንን እናስተያያለን። በአምስት ነው የምትበልጠኝ።»

«ታዲያ እሷም ታውቃለች?»

«ታውቃለች። ግን ለእናቷ ብትነግር ቲቸርን ያባርሩታል ብላ ፈራች። እኔም ፈራሁ።» ጣቷን በካርዱ ጠርዝ ላይ ታንሸራትታለች። «ደግሞ አንቺ ሳቅሽ። ስሜ ሲጠራ። ከጅዳ ከመጣን እንደዚያ ስትስቂ አይቼ አላውቅም። ስህተት ነው ብዬ ብነግርሽ ሳቁ ይቀራል። ከቲቸርም ትጣሊያለሽ፣ ደብተሩም ይቀራል።»

«ደብተሩን ታነቢው ነበር?»

«ኡሚ፣ አማርኛ ማንበብ በምን የቻልኩ ይመስልሻል?»

ያ ረቢ። ሁለት ዓመት ሙሉ እኛ ቃል ስንመርጥ፣ ልጄ የመረጥነውን ቃል እየቆጠረች ፊደል ስትማር ኖራለች። ልቆጣት አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ሳቅ ነው፤ ሳቁም መሃል ላይ ወደ ልቅሶ ዞረ። አቀፍኳት። እኔ የእሷን አንደኝነት ልጠብቅላት፣ እሷ የእኔን ሳቅ ልትጠብቅልኝ፣ አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ተደባብቀን ከርመናል።

«ነገ እንመልሰዋለን» አልኳት።

«እሺ» አለች ፀጉሬ ውስጥ። «መዝገበ ቃላቱ ግን ደስ ይል ነበር።»

*

ሐሙስ ጠዋት ካርዱን ይዤ፣ እሷ መዝገበ ቃላቱን ይዛ ትምህርት ቤት ደረስን። ርእሰ መምህሩ ቢሮ ገብቼ ምን እንደምል መንገዱን ሁሉ አጥንቻለሁ። የሚታየኝ ሁሉ ክፉ ነበር፤ ሐሚድ ሲባረር፣ ልጄ ሲጮኽባት፣ እኔ ዕቃዬን በጆንያ ስጭን።

ሰልፉ ላይ ደረስን። ባንዲራው ተሰቅሎ አልቋል፤ ተማሪው ግን አልተበተነም። ከፊት የቆመው ሐሚድ ነው። ዓይኑ ሥር ጠቁሯል።

«የሰባተኛ ሀን የማርክ ሮስተር የፈረምኩት እኔ ነኝ» ይላል። «ኑርሃን ሙዐዊያ ላይ አሥር ነጥብ በስህተት በዝቷል። አንደኛ ያስሚን ቃሲም ናት፣ ኑርሃን ሁለተኛ ናት። ስህተቱ የእኔ ነው። ከልጆቹ አንዳቸውም ጥፋት የለባቸውም።»

ከኋላ አንድ ልጅ «ጅዳ ወረደች» አለ፤ አንዳንዶቹ ሳቁ። እጄን ዘርግቼ ልጄን ልይዛት ስል የለችም። በሰልፉ መሃል፣ ቀጥ ብላ፣ መዝገበ ቃላቱን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ያስሚን እየሄደች ነው። ሰጠቻት።

«ሸፍነሽዋል እንዴ?» አለቻት ያስሚን።

«ሽፋኑን ላውጣልሽ?»

«ተይው።» ያስሚን መጽሐፉን ደረቷ ላይ አስጠጋችው። «እንግሊዝኛ ላይ ግን በሦስት በልጠሽኛል።»

ሐሚድ ያኔ አጥሩ ሥር እኔን አየኝ። በዚያ ሁሉ ጭንቅላት ላይ አሻግሮ፣ ረጅም ጊዜ። የተሸነፈ ሰው ዓይን አልነበረም፤ ከባድ ጆንያ አውርዶ ትንፋሹን የሚሰበስብ ሰው ዓይን ነበር። ርእሰ መምህሩ ትከሻውን ነክቶ ወደ ቢሮ ወሰደው። ሊከሰው የመጣው እጄ ካርዱን እንደያዘ ቀረ።

መጋዘን ገብቼ እስከ ማታ ሽንኩርት ስለይ ዋልኩ። ሽንኩርት ስለሆነ ለምን ታለቅሻለሽ ያለኝ ሰው የለም።

*

መግሪብ እንደተሰገደ በሩ ተንኳኳ። ስከፍተው ራቢዓ ናት፤ መግቢያውን ሞልታዋለች። ከኋላዋ ያስሚን፣ ከያስሚን ኋላ ሐሚድ።

«አሰላሙ ዐለይኩም። ቤትሽ ይኸ ነው?» ብላ ገባች። ጣሪያውን አየች፣ ግድግዳውን አየች፣ አንዷን የፕላስቲክ ወንበር ፈትሻ ተቀመጠችበት። ሐሚድ ከደፉ ላይ ቆመ እንጂ አልገባም።

«ወንድሜ ሦስት ቀን ምሳ አልበላም» አለች። «እኔ ደግሞ የማይበላ ሰው አልወድም። ለመሆኑ ደምረሽ ያገኘሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«ለገዛ ልጅሽ አሥር ሲበዛላት ዝም ማለት አቃተሽ?»

«አራት ቀን ዝም ብያለሁ» አልኳት። ከሆንኩት በላይ ልታየኝ አልፈለግኩም።

«እኔ ብሆን አራት ዓመት ዝም እል ነበር» አለች። ያስሚን «እማ» ብላ ቆነጠጠቻት። «ምነው? እውነቴን ነው። ስሚ፣ ይኸን ሞኝ አንቺም እንደኔ ሳትሰሚው ፈርደሽበታል። አስተማሪው ዘመድ ያለበትን ክፍል ማርክ ሌላ መምህር ይደምራል፣ ልማዳቸው ነው። እሱ ደግሞ አንዷ የእህቱ ልጅ፣ አንዷ ደግሞ ሳልሽን የሚቆጥርልሽ የአንቺ ልጅ፤ ለአንዳቸውም እንዳላዳላ ብሎ ሮስተሩን ለመምህር ክንፈ ሰጠው። የደመረው ክንፈ ነው። ይኸ ደግሞ እጄን አላስገባም ብሎ ሳያየው ፈረመ።»

ወደ ሐሚድ ዞርኩ። መሬቱን ነው የሚያየው።

«ጀውሃ የሄዱትስ?» አልኩ፤ ድምፄ ቀጠነ።

«የክንፈ ሚስት ወልዳ እዚያ ናት። እሱን ሊያነጋግር ነዋ። አንቺ ምን መስሎሽ ነው?»

«ጎማ ሊያስነፋ» አለች ኑርሃን ከጥግ።

ሐሚድ ቀና አለ። «ክንፈ ወደ ደብረ ሲና ዝውውር ጠይቋል» አለኝ። «ማስጠንቀቂያ ማኅደሩ ውስጥ ከገባ ዝውውሩ ይቀርበታል። ስሙን ያላነሣሁት ለዚህ ነው። ከዚህ ቤትም ባይወጣ።»

«የእርስዎ ማኅደርስ?»

«ገባበት። ሰባተኛ ሀንም ወስደውብኛል፤ ከሰኞ ጀምሮ አምስተኛ ክፍል ነኝ። ከሰኞ ጀምሮ የኑርሃን አስተማሪ አይደለሁም። ለዚህ ነው እዚህ በር ላይ መቆም የቻልኩት።»

«ደብዳቤዬ አስቀይሞዎታል» አልኩት። «ምጽዋት ማለት አልነበረብኝም።»

«ምጽዋት የሚለው አይደለም የጎዳኝ። ‹ከዛሬ በኋላ ስለ ልጄ ብቻ ይጻፉ› የሚለው ነው። እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ ስለ ክፍልፋይ ስጽፍ፣ ነዒማ፣ ስለ አንቺ ነበር የምጽፈው።»

አንቺ ብሎኝ አያውቅም ነበር።

«የሽንኩርት ሠራተኛ ነኝ» አልኩ። ያለኝን ክፉ ሁሉ አንድ በአንድ ፊቱ ላስቀምጥለት ፈለግኩ። «ሰው ይናገራል። ነገ ልጄ በራሷ አንደኛ ብትወጣ፣ በእንጀራ አባቷ ነው ይላሉ።»

«የስምንተኛ ክፍልን ፈተና የሚያርመው እሷንም እኔንም የማያውቅ ሰው ነው» አለ። «እስከዚያ ይናገሩ።»

«ሰው መቼ ዝም ብሎ ያውቃል?» አለች ራቢዓ። «እኔ ራሴ ስናገር ከርሜያለሁ።» ሻሿን አስተካከለች። ይቅርታ የሚለውን ቃል አላወጣችውም፤ ግን ዓይኗን ከእኔ ላይ ያነሣችው ያኔ ብቻ ነው።

«ወሊይ የለኝም» አልኩ በመጨረሻ። «ጅዳ ሳገባ በስልክ የወከለልኝ አባቴ ሞቷል፤ አሁን ሊድረኝ የሚችለው ታላቅ ወንድሜ ወራቤ ነው። ሳላስፈቅደው ጅዳ ከሄድኩ ጀምሮ ስልኬን አያነሣም። ያለ ወሊይ ደግሞ ኒካሕ የለም።» ይህን ስል ውስጤ ዕፎይ እንዳለ አልክድም። የማይታለፈውን ነገር አገኘሁት፤ ከእንግዲህ ተስፋ ማድረግ የለም፤ ተስፋ ከሌለ ደግሞ የሚሰበር የለም።

«ወራቤ እሄዳለሁ» አለ ሐሚድ። «በስልክ አይደለም። ሽማግሌ ይዤ በሩ ላይ እቆማለሁ። እህታችሁ እኛ አገር ናት፣ በክብር ልንጠይቃት መጣን እለዋለሁ። ካልከፈተልኝ እዚያው አድራለሁ።»

እህታችሁ። ከመጣሁ ጀምሮ በዚህ ከተማ ወንድም እንዳለኝ፣ ከየት ቤት እንደወጣሁ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ለሰዉ የመጣሁበት አገር ከአውሮፕላን ማረፊያ ወዲያ አያልፍም ነበር።

ራቢዓ ጉሮሮዋን ጠረገች። «ወራቤ ስንት ሰዓት ነው?»

«በአዲስ አበባ በኩል ቀኑን ሙሉ» አልኳት።

«እኔን ጣርማ በር አቀበት ላይ ሁልጊዜ ያስመልሰኛል። ከዚያ ወዲያ ያለውን አላህ ያውቃል። ሎሚ ይያዝልኝ።»

ሁላችንም አየናት።

«ምን ታፈጣላችሁ? ያለ እህቱ ሊሄድ ኖሯል?»

ያኔ መሬቱ ላይ ቁጭ አልኩ። እጄን ፊቴ ላይ አድርጌ፣ ለሙዐዊያ እንኳ ባላለቀስኩት ልቅሶ አለቀስኩ። ራቢዓ ከወንበሯ ወርዳ አጠገቤ ተቀመጠች፤ ወፍራም ክንዷን ትከሻዬ ላይ ጣለች። «በቃ፣ በቃ፣ ልጆቹ ያያሉ» ትለኛለች፤ እሷም አፍንጫዋን ትጠርጋለች።

«መልስሽን አልሰማሁም» አለ ሐሚድ ከደፉ ላይ፣ በጣም ቀስ ብሎ።

ኑርሃንን አየኋት። ደብተር ገልጣ የምታነብ መስላለች፤ ገጹ ባዶ ነው።

«ወንድሜ ጁምዓ ቤት አይገኝም» አልኩ እንባዬን እየጠረግኩ። «እሑድ ብትሄዱ ታገኙታላችሁ።»

ሐሚድ መቃኑን ያዘ። ያን ሁሉ ሲጽፍ የኖረ ሰው አንድ ቃል አጣ።

ሲወጡ ኑርሃንና ያስሚን እስከ መታጠፊያው ተሸኛኝተው ልጄ እየሮጠች ተመለሰች። የራቢዓ ድምፅ ከሩቅ ይሰማል፤ ስለ መኪና፣ ስለ ሎሚ፣ ወራቤ ስለሚወሰደው ስጦታ። ቀኑን ሙሉ የጋለው አፈር ሙቀቱን ይተነፍሳል። እንደ ልማዴ ክፉውን ለማሰብ ሞከርኩ። ወንድሜ ላይከፍት ይችላል። መንገዱ ገደል ነው። ሰው ነገ ይናገራል። ሁሉንም አሰብኩ፤ ግን ከእያንዳንዱ በኋላ ሐሚድ መቃኑን ይዞ ቃል ያጣበት ፊቱ ይመጣብኛል።

«ኡሚ፣ ቢንቢ እየገባ ነው» አለች ኑርሃን ከአልጋዋ። «ሁልጊዜ ወባ ወባ የምትይው አንቺ አይደለሽም?»

«መጣሁ።»

መታጠፊያው ላይ ሐሚድ ከእህቱ ኋላ ቀርቶ ዞረ። እጁን አላነሣም፤ ዝም ብሎ ቆመ፤ እኔም ቆምኩ። ከዚያ ሄደ። ኮቴው እስኪጠፋ ጠብቄ በሩን ገፋሁና ቆለፍኩት።